በማጣሪያ የታየች ፀሐይ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ማለዳ፣ ጨረቃ ላሊበላ ላይ በፀሐይ ፊት አለፈች። በዚያን ጊዜ ጨረቃ ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ጨርሳ መጋረድ አልቻለችም፤ መሃሏን ሸፍና ዙሪያዋን ቀጭን ቀለበት አድርጋ ተወቻት። ደሴና ኮምቦልቻ ከቀለበቱ መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወጣ ስለሚሉ በእነሱ ሰማይ የታየችው ፀሐይ እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነች ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ ከስልክ ወደ ስልክ የዞሩት የቀለበቱ ፎቶዎች አብዛኞቹ መልካቸው አንድ ነው፦ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ሰማይ፣ መሃሉ ላይ ብርቱካናማ ቀለበት። ሰማዩ ግን ጥቁር አልነበረም። ጊዜው ጠዋት ነው፤ ብርሃኑ ደብዘዝ ቢልም ተራራውም ቤቱም ይታይ ነበር። ፀሐይም በተፈጥሮዋ ብርቱካናማ አይደለችም። ጥቁሩንም ብርቱካናማውንም ያመጣው ካሜራው አፍ ላይ የተገጠመው ማጣሪያ ነው። ታዲያ እነዚያ ፎቶዎች ያሳዩን ምኑን ነው? ፀሐይን ነው ወይስ ማጣሪያውን?

ነገሩ የፎቶ አንሺዎች ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሳሁት ነበር። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ከካሜራ በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል። ዓይን ሊሸከመው የማይችለውን ነገር፣ አብዛኛውን ከልክሎ ጥቂቱን በማሳለፍ ማየት፣ ማየት ይባላል ወይ? ከብርሃን መቶ ሺህ እጅ ጥሎ አንድ እጅ ያስቀረ ሰው ስለ ብርሃን እውነቱን ተናገረ ማለት ይቻላል? መልሴ አዎን ነው። እንዲያውም ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነን ነገር በእውነት የሚያውቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው ባይ ነኝ፤ በፀሐይም፣ ከፀሐይ በላይ ባለውም። መንገዱ ግን አንድ ግዴታ አለበት፤ ያሳየውን ብቻ ሳይሆን የከለከለውንም መናገር። ማጣሪያ ሐሰት የሚሆነው ይህን ግዴታ ሲያፈርስ ነው።

በወሎ ይህን ጥያቄ ሃይማኖትን ትቶ ማንሳት አይቻልም። ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ በአምባሰል በኩል ግሸን ማርያም፤ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ መውሊዱ ሰውን ከየአገሩ የሚሰበስበው ጀማ ንጉሥ። በሁለቱም ቤት፣ በክርስትናውም በእስልምናውም፣ ፀሐይ ትልቅ ቦታ አላት፤ በሁለቱም ቤት ደግሞ ቦታዋ በጥንቃቄ ተከልሏል። የኦርቶዶክስ መምህራን ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ ፀሐይን ምሳሌ ያደርጋሉ፤ አብ በክበቧ፣ ወልድ በብርሃኗ፣ መንፈስ ቅዱስ በሙቀቷ ይመሰላሉ። ምሳሌውን ሰጥተው ሳይጨርሱ ግን ምሳሌ ዘየሐጽጽ ነው ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ ከሚመሰልለት ያንሳል፣ እስከተወሰነ ቦታ ያደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ይዞ የሚሄድ ሰው ይስታል። በእስልምናም ፀሐይ ከአላህ ምልክቶች አንዷ ናት፤ ቁርአን ግን ለእሷ መስገድን ይከለክላል። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃን ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዉም ለሕፃኑ ሞት ነው አለ። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ የግርዶሽ ሶላትም አሰገዱ። ልጁን የቀበረ አባት ሰማይ አብሮት እንዳዘነ ሲነገረው ዝም ብሎ ቢቀበል ማን ይወቅሰው ነበር? አልተቀበሉም። ምልክትነቷን አጸኑ፣ ሰዎች የለጠፉባትን ትርጉም ግን አነሱ። ሁለቱም ቤቶች ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ፀሐይን ይዞ ወደ ላይ መውጣት እስከ የት እንደሚፈቀድ መስመሩን ራሳቸው አሰመሩ።

አሁን ማጣሪያው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብለን እንይ፤ ክርክሩ የሚቆመው እዚያ ላይ ነውና። የዓይናችን ሬቲና ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ዓይኑ ሲቃጠል አይታወቀውም፤ የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ በሚያየው ነገር ሁሉ መሃል ላይ ጥላ ሲያገኝ ነው። ላሊበላ ላይ ከፀሐይ ገጽ ጥቂት በመቶ ያህሉ ብቻ ተርፎ እንኳ፣ ያቺ ትራፊ ዓይን ለመጉዳት ትበቃ ነበር። ለነጭ ብርሃን የሚያገለግለው የተለመደው ማጣሪያ ብርማ ስስ ፊልም ነው፤ ከመጣው ብርሃን ከመቶ ሺህ እጅ አንዱን ያሳልፋል። የሚገጠመው ከቴሌስኮፑ ፊት፣ ብርሃኑ ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ዱሮ ከዓይን በኩል ይጠለቅ የነበረው ጥቁር ብርጭቆ ሙቀቱ ተጠራቅሞበት ሲሰነጠቅ ዓይንን ይዞ ይሄድ ስለነበር ዛሬ የሚመክረው ሰው የለም። በስሱ ፊልም በኩል ፀሐይ ጠርዟ የጠራ ነጭ ክብ ሆና ትታያለች፤ እንደ ዘመኑም ጥቂት ወይም ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ይኖርባታል።

ሁለተኛው ዓይነት፣ አማተር የፀሐይ ተመልካቾች ገንዘባቸውንም ልባቸውንም የሚሰጡት፣ የሃይድሮጅን አልፋ ማጣሪያ ነው። ልቡ ሁለት ፍጹም ትይዩ የሆኑ ከፊል መስታወቶች ናቸው። ብርሃን በመካከላቸው ሲመላለስ ሌላው ሞገድ አብዛኛው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ትራፊውን ተጨማሪ ማጣሪያ ሲያስቀረው በ656.28 ናኖሜትር ላይ ያለው የሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን ብቻ ይወጣል። የሚያልፈው መስመር ስፋት የናኖሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ዓይን ከሚያየው የብርሃን ስፋት ከአራት ሺህ እጅ አንድ አይሆንም ማለት ነው። ከዚህ ጠባብ በር የምትወጣው ፀሐይ የቅድሟን አትመስልም። የሚታየው ከነጩ ገጽ በላይ ያለው ስስ የጋዝ ሽፋን፣ ክሮሞስፌር የሚባለው፣ ነው፤ በጥቃቅን ክሮች ተሸፍኗል፣ ነጠብጣቦቹ አካባቢ ክሮቹ ተጠማዝዘው ማግኔቱ የሚጎትታቸውን አቅጣጫ ያሳያሉ። ጠርዟ ላይ የጋለ ጋዝ ወደ ሕዋ ተስቦ ይቆማል፤ አንዳንዱ ብዙ ምድሮችን ደራርቦ የሚያስገባ ቁመት አለው። መስታወቶቹን በትንሽ ብሎን ጥቂት ዘንበል ሲያደርጓቸው ክሮቹ ደብዝዘው ይጠፋሉ፤ ሲመልሷቸው ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ ማጣሪያው ሳይገጠምም እዚያው ነበር። ሳይታይ የኖረው ብርሃን አንሶት ሳይሆን ብርሃን በዝቶበት ነው።

ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው የምንለው ነገር ሁሉ የሚታየው በእሷ ብርሃን ነው፤ እሷ ራሷ ግን አትታይም። ኢማም አል-ገዛሊ ሚሽካት አል-አንዋር በተባለው ድርሰታቸው ይህንኑ አንስተዋል። አሳባቸው በአጭሩ ሲነገር፣ አንድ ነገር መገለጡ ሲበረታ መገለጡ ራሱ መጋረጃ ይሆንበታል፤ ፀሐይ ባትጠልቅ ኖሮ ሰው ቀለማትን እንጂ ብርሃን የሚባል ነገር መኖሩን ባላወቀ ነበር የሚል ነው። ከዚህ ተነስተው ስለ ፈጣሪ ይናገራሉ። ከሲና ተራራ የሚመጣው ታሪክም ለሁለቱም ወገን የጋራ ነው፤ ሙሴ ማየት ጠየቀ፣ የተሰጠው የጠየቀው ሳይሆን የሚችለው ነው። በቤተ መቅደስ መጋረጃ ያለው፣ ታቦቱም ተሸፍኖ የሚወጣው የሚያሳፍር ነገር ኖሮ አይደለም። ሶቅራጥስም በፕላቶን ፋይዶን ውስጥ ግርዶሽ ሲመጣ ፀሐይን በቀጥታ ሳይሆን በውሃ ውስጥ ማየት ዓይንን ያድናል የሚለውን ምሳሌ አድርጎ ለፍልስፍናው ተጠቅሞበታል። (ምሳሌው ያማረ ነው፣ ምክሩ ግን አደገኛ ነው። ረጋ ያለ ውሃ አናት ላይ ያለችን ፀሐይ ሁለት በመቶ ያህል መልሶ ያንጸባርቃል፤ ይህ ደኅና ነው ከሚባለው መጠን በሺህ እጅ ይበልጣል።)

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይመጣል። ማጣሪያ ቢከለክል መልካም፤ አማተሩ ግን ከልክሎ አላቆመም፣ ጨመረ። የሃይድሮጅን አልፋ ፎቶ በአብዛኛው የሚነሳው ጥቁርና ነጭ በሆነ ካሜራ ነው። አንድ ፎቶም አይደለም፤ አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ በሴኮንዶች ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎች ይነሱና ኮምፒውተሩ ጥቂት መቶ የጠሩትን መርጦ ይደራርባቸዋል፣ ከዚያ ጠርዛቸውን ይስላል። ወርቃማው ወይም ብርቱካናማው ቀለም የሚመጣው በመጨረሻ ላይ በሰው እጅ ነው። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ብዙዎች የክቧን ብርሃንና ጨለማ ይገለብጣሉ፣ ብሩሁን ጥቁር ጥቁሩን ብሩህ ያደርጋሉ፤ ያኔ ክሮቹ ጎልተው ይወጣሉ፣ ገጹም ጥልቀት ያለው ይመስላል። ታዲያ ይህ ምስክርነት ነው ወይስ ሥዕል?

መልሱ በጅምላ አይሰጥም። መደራረቡ ሐሰት አይደለም፤ አንድ ምስክር ብቻውን ሲንተባተብ ብዙ ምስክሮች የተስማሙበትን መያዝ ነው፣ ችሎትም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ቀለሙም፣ ቀለም መሆኑ እስከታወቀ ድረስ፣ ካርታ ላይ ተራራን ቡናማ ከማድረግ አይለይም። መገልበጡ ላይ ግን እቆማለሁ። የተገለበጠ ምስል ስለ ክሮቹ ቅርጽ እውነት ይናገራል፣ ስለ ብርሃናቸው ግን ተቃራኒውን ይናገራል፤ ተመልካቹ ይህን ካልተነገረው ተታሏል። ልብ በሉ፣ ሁለቱን የለየው የኮምፒውተሩ ሥራ ብዛት አይደለም። የለየው ከፎቶው ሥር የተጻፈች ወይም ያልተጻፈች አንዲት መስመር ናት። ያልተገለበጠውም ምስል ቢሆን ያለ ማብራሪያ ያሳስታል፤ የፀሐይ ነጠብጣብ በሁሉም ፎቶ ጥቁር ነው፣ ነገር ግን ጥቁር አይደለም። ሙቀቱ ከ3,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ዙሪያው 5,500 ያህል ስለሆነ ብቻ ይጨልማል። ነጠብጣቡን ለብቻው አውጥቶ በሌሊት ሰማይ ላይ ማኖር ቢቻል ዓይን አያስገልጥም ነበር። እንግዲህ ምንም ያልተነካ ፎቶም ቢሆን የማጣሪያውን ድንበር ካልነገሩት በራሱ እውነት አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከምእመናን ወገን ነው፣ አክብሬም ነው የምሰማው። ፈጣሪ የማይታይ ያደረገውን ብርሃን በመሣሪያ ገልጦ ማየት ድፍረት አይሆንም? ምልክት የሆነችን ፀሐይ የጋዝ ክምር አድርጎ ማሳየት ምልክትነቷን አያጠፋም? ስለ ድፍረቱ የዚህ አገር ልማድ ራሱ ይመልሳል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በግዕዝ ነው፤ በውስጡ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ አካሄድ ነው። ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ ደጆች፣ የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ ደጆች ለሄኖክ የሚያሳየው መልአኩ ዑራኤል ነው። የፀሐይን መንገድ መቁጠር እዚህ ትምህርቱ ከሰማይ የተሰጠ ሥራ ነው። ደስ የሚለኝ ደግሞ፣ ሄኖክ ዓመቱን 364 ቀን ሲያደርገው የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 365 ቀን ከሩብ ቆጥረው አገሩን ማስተዳደራቸው ነው፤ መጽሐፉን አክብረው አቆዩት፣ ቀኑን ግን ከፀሐይ ጋር አስማሙት። በቁርአንም ኢብራሂም ኮከቡን፣ ጨረቃዋን፣ ፀሐይን በየተራ ተመለከተ፤ ሲጠልቁ አይቶ የሚጠልቅ ጌታ አይሆንም ወደሚለው ደረሰ። ባያይ ኖሮ አይደርስም ነበር።

ደግሞም እዚህ አገር ፀሐይን በትጋት የተከታተሉት ሁሉ ሳያዩዋት ነው የተከታተሏት። ካህኑ የቅዳሴን ሰዓት ለማወቅ ጥላን በጫማ ይሰፍር ነበር፤ ሙአዚኑ ዙሁርና ዐስርን የሚለየው በጥላ ርዝመት ነበር። ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል አናቷ ላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ 11 እና በነሐሴ 18 ገደማ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ካለፈ ከሃያ ደቂቃ በኋላ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም። (የነሐሴውን ደመና ብዙ ጊዜ ይወስደዋል።) ጥላ ብርሃን የተከለከለበት ቦታ ነው። ከተከለከለው ተነስቶ ስለ ብርሃኑ ምንጭ እርግጠኛ ነገር መናገር ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ የመስታወቱ ማጣሪያ የዚያው ልማድ ታናሽ ወንድም ነው።

ምልክትነቷ ይጠፋል የሚለውን ግን የአውሮፓ ታሪክ በደንብ መልሶታል። እ.ኤ.አ. በ1611 ክሪስቶፍ ሻይነር የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ በፀሐይ ላይ ነጠብጣብ አየ፤ ፀሐይ ግን እንከን ሊኖራት አይገባም ብሎ ስላመነ በዙሪያዋ የሚዞሩ ትናንሽ አካላት ናቸው አለ። ጋሊሊዮ በ1613 ባሳተመው መልስ ነጠብጣቦቹ ከፀሐይ ገጽ ላይ መሆናቸውን በአካሄዳቸውና ወደ ጠርዟ ሲጠጉ በመጥበባቸው አስረዳ። ሻይነር ያኔ የተከላከለው ሃይማኖቱን መስሎት ነበር፤ የተከላከለው ግን የአርስጣጣሊስን ፍልስፍና ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ፀሐይ እንከን የላትም አላለም። በኋላ ለዓመታት ነጠብጣቦቹን በየቀኑ እየሣለ ሲከታተል እሱም ሐሳቡን ለወጠና ከፀሐይ ላይ መሆናቸውን በትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ ክህነቱም እምነቱም አልተነካም። ፀሐይ ንጹሕ ካልሆነች ምልክት አትሆንም የሚል ሰው ሳያውቀው ለፍጥረት የፈጣሪን ባሕርይ ይሰጣል። ነጠብጣብ ያላት ፀሐይ ከዚህ ስሕተት ትጠብቀዋለች።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብደኛል። የሚታየው ሁሉ በማጣሪያ ከሆነ፣ እያንዳንዱም ማጣሪያ የራሱን ፀሐይ ካሳየ፣ ታዲያ ሁሉም እኩል እውነት ነው ማለት አይደለም? ወሎ ላይ ይህ ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤት በሚያድጉበት አገር አንድ ሰው ተነስቶ ሃይማኖቶች የአንዲት ፀሐይ ልዩ ልዩ ማጣሪያ ናቸው፣ ልዩነት የለም ቢል ጭብጨባ ያገኛል። እኔ አልለውም። ካህኑም ሸኹም አይቀበሉትም፣ መሣሪያውም አይደግፈውም። መሣሪያው የሚለው ሌላ ነገር ነው። በሃይድሮጅን አልፋ ስትታይ በፀሐይ ክብ ላይ ረጅም ጥቁር መስመር ይጋደማል። ፀሐይ ከምድር ስትታይ ዙሯን የምትጨርሰው በ27 ቀን ያህል ስለሆነ መስመሩ በየቀኑ ወደ ጠርዙ ይጠጋል፤ ከጠርዙ ሲደርስ ጥቁርነቱ ቀርቶ በጨለማው ሰማይ ፊት የሚያበራ ቅስት ይሆናል። ባለሙያዎች ለሁለቱ ሁለት ስም አውጥተው ነበር፤ አንድ ነገር መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። የጋለው ጋዝ ከበስተኋላው ካለው ገጽ ይቀዘቅዛልና እላዩ ላይ ይጨልማል፤ ከበስተኋላው ባዶ ሕዋ ሲሆን ያበራል። ጨለማ ነው ያለውም ብሩህ ነው ያለውም እውነቱን ተናግሯል። አራት ማዕዘን ነው የሚል ቢመጣ ግን ተሳስቷል፤ ማጣሪያው የተጫረ ወይም በትክክል ያልተቃኘ ከሆነም የሚያሳየው የራሱን ጭረት ነው። ስለዚህ ጎዶሎ ማለትና ሐሰት ማለት ሁለት ናቸው። ጎዶሎ እይታ ከሌላ ጎዶሎ እይታ ጋር ይገናዘባል፣ ይታረማል፤ በነጭ ብርሃን የታየው ነጠብጣብ በሃይድሮጅን አልፋም እዚያው ቦታ ላይ መገኘት አለበት። ከዚህ ለሃይማኖት የምወስደው ትሕትናን ነው እንጂ እኩልነትን አይደለም፤ ስለ እግዚአብሔር የሚናገር ሁሉ፣ ትክክል የሚናገረው እንኳ፣ ያየው በተሰጠው ስፋት መሆኑን ያውቃል። ከተሰጠው ስፋት ውጭ ያለውን የለም ለማለት ግን ማንም ፈቃድ የለውም።

ስለ ገንዘቡ የሚነሳውን ወቀሳ በአጭሩ ልለፈው። የሃይድሮጅን አልፋ ቴሌስኮፕ ውድ ነው፤ ከውጭ ካልመጣ አይገኝም፤ ኑሮ በከበደበት ከተማ ለፀሐይ ፎቶ ያን ያህል ማውጣት ቅንጦት ቢባል አልከራከርም። ነገር ግን ቅንጦት የሆነው አንዱ መሣሪያ ነው እንጂ ማየቱ አይደለም። ኮምቦልቻ ውስጥ በአሮጌ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ሁሉ በሚስማር ቀዳዳ ገብታ ወለል ላይ የምታርፈውን ክብ ብርሃን ያውቃታል። ክብ የሆነችው ቀዳዳው ክብ ስለሆነ አይደለም፤ የፀሐይ ምስል ስለሆነች ነው፤ በግርዶሽ ቀን ወለሉ ላይ ያሉት ክቦች ሁሉ የአዲስ ጨረቃ ቅርጽ ይይዛሉ። ኢብን አል-ሃይሠም ከሺህ ዓመት በፊት ስለዚህ ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፏል። የፀሐይ ነጠብጣብ በአሥር ዓመት ገደማ እንደሚበዛና እንደሚያንስ ለዓለም የነገረውም ፕሮፌሰር አልነበረም፤ ሃይንሪሽ ሽቫበ የሚባል ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1826 ጀምሮ ሰማዩ በፈቀደለት ቀን ሁሉ በትንሽ ቴሌስኮፕ ነጠብጣብ ቆጠረ፤ ይፈልግ የነበረው ያልታወቀ ፕላኔት ነው፣ ፕላኔቱ አልነበረም፣ ዑደቱን ግን አገኘው። ዛሬ ዑደቱ 11 ዓመት ያህል መሆኑ ይታወቃል። ለፀሐይ ፎቶ ከሁሉ የሚያስፈልገው መሬቱ ሞቆ አየሩ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር ማለዳ መነሳት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የኮምቦልቻ ጥርት ያለ ጠዋት፣ ደሴ ላይ ጉም በሚቀመጥበት ቀን እንኳ፣ ለዚህ የተሰጠ ነው። ማስጠንቀቅ የሚገባኝ አንድ ነገር ቢኖር የብየዳ መነጽር ነው። ለፀሐይ ደኅና የሚባለው 14 ቁጥር ብርጭቆ ነው፤ በየብየዳ ቤቱ የሚገኘው በአብዛኛው 10 ወይም 11 ቁጥር ነው፣ እሱ አይበቃም። የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ ጠርሙስ፣ የተደራረበ የፀሐይ መነጽር አንዳቸውም አይሆኑም፤ የሚታየውን ብርሃን ቀንሰው የማይታየውን ሊያሳልፉ ይችላሉና። ከለከልሁ ብሎ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ጨርሶ ካልከለከለው ይከፋል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ ሌላ ግርዶሽ ይመጣል። ሙሉው ግርዶሽ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ በሉክሶር፣ በጅዳና በመካ ላይ ያልፋል፤ መካ ላይ ፀሐይ አምስት ደቂቃ ያህል ጨርሳ ትጋረዳለች። ወሎ ከመንገዱ ውጭ ስለሆነች የሚደርሳት ከቀትር በኋላ የሚታይ ከፊል ግርዶሽ ነው፤ በከፊል ግርዶሽ ደግሞ ያለ ማጣሪያ ማየት የሚፈቀድበት አንድም ሴኮንድ የለም። ወሩ ሐምሌ ነውና ደመናውም አይታመንም። ማጣሪያ የሌለው ሰው ዓይኑን አያንሳ፤ ካርቶን በሚስማር በስቶ ምስሉን ወረቀት ላይ ይጣል፣ ለልጆቹም እንዲሁ ያሳያቸው። ማጣሪያ ኖሮት ፎቶ የሚያነሳ ደግሞ ፎቶውን ከመላኩ በፊት ከሥሩ ሁለት መስመር ይጻፍ፦ በምን ማጣሪያ እንዳነሳው፣ ቀለሙን ራሱ ጨምሮት ከሆነም እንደጨመረው።